«እኔ አይደለሁም ያፈሰስኩት!»

ልጄ የሐዋሳን ሐይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በሁለት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሊነጋጋ ሲል ነበር። የመንገዱን ግማሽ ተኝታ፣ ግማሹን ደግሞ «ደረስን?» እያለች ጨረሰችው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከአባቷ ትከሻ ወርዳ ቆመች። ዝም አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና ጣቷን ወደ ውሃው ቀስራ፣ «እኔ አይደለሁም ያፈሰስኩት!» አለች።

ነገሩ የገባን ትንሽ ቆይቶ ነው። ያኔ ቤት ውስጥ ኩባያ በተደፋ ቁጥር «ማነው ያፈሰሰው?» ማለት ልማዴ ሆኖ ነበር። ልጅቷ ይሄን ያህል ውሃ መሬት ላይ አይታ አታውቅም። ስለዚህ የሆነ ሰው አፍስሶታል ማለት ነው። ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፣ ቀድሞ መካድ ይሻላል። (በቤታችን አስተዳደር ላይ የቀረበ ከባድ ሂስ መሆኑን ተቀብያለሁ።)

አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት «ሐዋሳ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አልኳት። «አዎ! ‹እኔ አይደለሁም ያፈሰስኩት› አልኩ» ብላ ሳቀች። እሺ፣ ሐይቁ ምን ይመስል ነበር? ዝም። ከማን ጋር ነበርን? ዝም። ምን በላን? «ፒዛ» አለች። እኛ የበላነው የዓሣ ጥብስ ነው፤ እሷ ደግሞ ደረቅ ዳቦ ብቻ። ለካ የምታስታውሰው ሐይቁን ሳይሆን፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር እኛ የምናወራውን ወሬ ነው።

እውነቴን ነው፣ ትንሽ ከፋኝ። ያኔ አክስቴ «ለማታስታውሰው ልጅ ይሄን ሁሉ ብር!» ስትለኝ ተከራክሬያት ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን ከአክስቴ ጋር ናቸው። አብዛኞቻችን ወደ ኋላ ብንፈልግ የመጀመሪያ ትዝታችን የሚገኘው ከሦስት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ነው። የሚገርመው ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ የማስታወስ ችሎታ የለውም ማለት አይደለም። ባለፈው ወር ያየውን ውሻ ዛሬ በደንብ ይነግራችኋል። እያደገ ሲሄድ ነው እየጠፋ የሚመጣው።

ታዲያ የት ይሄዳል? ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? «ስልክ ላይ ነዋ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። እኛ አዋቂዎቹ ግፊያው ቢያማርረንም ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ተአምር ነው። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከስታዲየም ተሳፍረን ወደ መገናኛ ሄድን። ምንም ጉዳይ አልነበረንም፤ ባቡር ልናሳያት ብቻ ነው። ገና ስንገባ አንዲት እናት «ነይ የኔ ቆንጆ፣ መስኮቱ ጋ ሁኚ» ብለው ቦታቸውን ለቀቁላት። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ «ቤቱ ሄደ!» አለች። ቀጥላ «ዛፉም ሄደ!» አለች፣ ድምፅዋ ውስጥ ድንጋጤ ነበረበት። እኚያ እናት «ተያቸው ልጄ፣ ማታ ይመለሳሉ» አሏት። ማታ ቤታችን መስኮት ላይ ወጥታ ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ አየችና «መጣ» ብላኝ ወረደች። በቃ፣ ጭንቀቷ አለቀ።

ባለቤቴ ይሄን ሁሉ ሲቀርጽ ነበር። ቪዲዮው አለ፤ የልጄ ማጅራትና መስታወቱ ላይ የሚታይ የባለቤቴ ስልክ። የሴትየዋ ድምፅ በባቡሩ ጩኸት ተውጧል። በቅርቡ ስለ እሳቸው ሳወራ ባለቤቴ «የትኛዋ ሴትዮ?» አለኝ። እሱ ትዝ የሚለው ባትሪው 9 በመቶ እንደነበር ነው።

በሱ አልፈርድም። ሊንዳ ሄንክል የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎችን ሙዚየም ወስዳ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ አንዳንዱን ደግሞ ዝም ብለው እንዲያዩ አደረገች። በማግስቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ካነሱት ይልቅ በዓይናቸው ብቻ ያዩትን የበለጠ አስታወሱ። ካሜራው ያዘልኝ ብሎ አእምሮ እጁን ያነሳል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ነበር፦ የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሱት ሰዎች ትዝታቸው አልተጎዳም። አስተውለው ስላዩ ይመስላል።

ስልኬ ላይ ከስድስት ሺህ በላይ የልጄ ፎቶ አለ። የኔ የልጅነት ፎቶ ደግሞ በጠቅላላ አራት ነው። ከሁለት ዓመቴ አንድም የለኝም። ያለኝ አባባ የሚነግሩኝ አንድ ታሪክ ነው።

አባባ ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ ወስደውኝ ነበር። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ የተቋቋመ ነው። እዚያ ያሉት ወንድ አንበሶች ጥቁር ጎፈራቸው ደረታቸውን አልፎ እስከ ሆዳቸው ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናትም ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እኔ ግን ይሄ ሁሉ ክብር አልገባኝም ነበር። አባባ እንደሚሉት ከአራት ኪሎ ጀምሮ በትከሻቸው ተሸክመውኝ ወጡ፤ አንበሳው ሲያገሳ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ እኔ ግን እያጨበጨብኩ «ላም!» አልኩ። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ ይሄን ሲያወሩ አንበሳውንም፣ የሸሸውንም ሰው፣ እኔንም ሆነው ይተውናሉ።

ያለፈው እንቁጣጣሽ ላይ ታሪኩን ሲያወሩ ወንድሜን ጨመሩበት። ወንድሜ ያኔ አልተወለደም። ገና ላይ ደግሞ ጀመሩና መሀል ላይ አቆሙ። «አንበሳው... ከዚያ ምን ሆነ?» ብለው እኔን አዩኝ።

ምን ልበላችሁ። እኔ የማውቀው እሳቸው የነገሩኝን ብቻ ነው። እናቴ ያን ቀን ለምን አብራን እንዳልሄደች ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን እሷ የለችም። እሳቸውን ስጠይቃቸው ደግሞ መልሱ በየቀኑ ይለያያል።

ከገና በኋላ ስልኬን ለሌላ ሥራ ማዋል ጀመርኩ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ድምፅ ብቻ እቀዳለሁ። አራት ደቂቃ የምትሆነው የአንበሳው ወሬ፣ መሀል ላይ ሳል ያለባት፣ ከስድስት ሺውም ፎቶ ትበልጥብኛለች። ጥያቄ አጠያየቅም ተምሬያለሁ። ኒውዚላንድ ውስጥ የምትሠራ ኢሌን ሪስ የምትባል ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናችው እናቶችና ልጆች ስላለፈ ነገር እንዴት እንደሚያወሩ ነው። «ትዝ ይልሻል?» ከማለት ይልቅ «ከዚያስ ማን መጣ? ምን አለሽ?» እያሉ ዘርዘር አድርገው የሚያወሩ እናቶች ልጆች ያለፈውን አብዝተው ያስታውሳሉ። እዚያው አገር ያለፈን ነገር በቃል መተረክ ትልቅ ቦታ ያለው የማኦሪ ሕዝብ አለ። የመጀመሪያ ትዝታቸው በአማካይ ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ እንደሚጀምር እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከብዙዎቻችን ይቀድማል።

ገና ካልወለዳችሁም የእህት ወይ የወንድም ልጅ አይጠፋችሁም። በአቅራቢያ ያለ መናፈሻ ይበቃል። ልጄን አንበሳ ግቢ ስወስዳት የመግቢያ ከፍዬ፣ ተሰልፌ፣ እሷ አንበሳውን ጀርባዋን ሰጥታ ግማሽ ሰዓት ጉንዳን ስታይ ነው የዋለችው። ተናድጄ ነበር። አሁን ግን የጉንዳኖቹን ሰልፍ በደንብ አስታውሳለሁ፤ አንዱ የእንጀራ ፍርፋሪ ተሸክሞ ነበር።

ባለፈው እሑድ አባባ ቤት ቡና ተፈልቶ ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ጀመሩ። «እናትሽ ትንሽ ሆና አንበሳ ግቢ ወስጃት...» አሉና እንደ ገናው ቆሙ። ስኒው እጃቸው ላይ ነው። እኔ ልሞላላቸው አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ።

«አንበሳው ጮኸ፤ ሰዎቹ ሮጡ፤ እማ ‹ላም!› አለች» አለቻቸው።

«እውነትሽን ነው?» አሉ።

«አዎ! አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?» (አያቷን «አንተ» ነው የምትላቸው። እኔ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።)

ትንሽ አሰቡና «እኔስ ያኔ ምን አልኩ?» አሏት።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔም አላውቅም፤ ይሄን ክፍል ነግረውን አያውቁም። ጥቂት ቆየችና «አንተ ደግሞ ‹ወተት አላት ወይ?› አልክ» አለቻቸው።

አባባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ብያለሁ» አሉ። «በደንብ ነው ያልኩት።» እኔም አላረምኳቸውም።