ጅግራ በዶሎ ኦዶ፦ መቼና የት እንደሚጠበቅ

የገናሌና የዳዋ ወንዞች ተገናኝተው ጁባ የሚሆኑበት የዶሎ ኦዶ ቆላ የሁለት ዓይነት ጅግራዎች አገር ነው። አንደኛው በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የሚታወቀው፣ አናቱ ላይ ቀንድ መሳይ ጉጥ ያለው ነው። ሁለተኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላ ወፍ ነው፤ ራሱ መላጣ ስለሆነ ጥንብ አንሳ ይመስላል፣ ደረቱ ግን ደማቅ ሰማያዊ ነው። ርዝመቱ እስከ 71 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ከጅግራ ዘሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

የአሜሪካ የዱር ተርኪ አዳኝ በፀደይ የሴቷን ድምፅ አስመስሎ ወንዱን ይጠራል። ጅግራን የሚፈልግ ሰው ግን የመንጋውን የዕለት መንገድ ማወቅ ይበጀዋል። መንጋው ከነብርና ከሌሎች አውሬዎች ሸሽቶ ዛፍ ላይ ያድራል። ዶሎ ኦዶ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ጅግራውም ያኔ እየተንጫጫ ይወርድና ዘርና ምስጥ እየጫረ ይሄዳል። ሙቀቱ ሲበረታ ቁጥቋጦ ሥር ይጠለላል፣ አመሻሽ ላይ ወደ ማደሪያው ይመለሳል።

ውሃ ዳር መጠበቅ ለሁለቱም እኩል አይሠራም። ባለ ጉጡ ጅግራ በጂላል፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው በጋ፣ ከወንዝ አይርቅም። ሰማያዊው ግን ከሚበላው ቅጠልና ፍሬ እርጥበት ስለሚያገኝ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ይቆያል፤ እሱን ከወንዙ ራቅ ባለው የግራር ቁጥቋጦ መፈለግ ይሻላል። የጉ ዝናብ በሚያዝያ ሲጥል ጥንዶች እንቁላል ለመጣል ከመንጋው ይለያሉ፤ ይህ ፈጽሞ የማይታደኑበት ወቅት መሆን አለበት።

ማደሪያ ዛፍ ላይ መተኮስም ጉዳቱ ከባድ ነው። በኬንያ በሰማያዊው ጅግራ ላይ ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አባላታቸውን ጠብቀው የሚኖሩ የተለያዩ መንጋዎች ማታ አንድ ላይ እንደሚያድሩ አሳይቷል። አንድ ጥይት የሚበትነው እንግዲህ ብዙ መንጋ ነው። ለአደን ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፈቃድ ያለውም ሆነ ካሜራ የያዘ ሰው ማደሪያውን ማታ ከሩቅ ለይቶ፣ ገና ሳይነጋ መንጋው ወደሚጭርበት ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጀርባውን ለምሥራቅ ሰጥቶ፣ ቁጥቋጦ ተከልሎ ይቀመጣል።