የሻጋታ መርዝና የእርባታ ዓሣ

በኩሬ ወይም በገንዳ የሚረባ ዓሣ በሐይቅና በወንዝ ከሚኖረው ዘመዱ የሚለይበት ዋናው ነገር የሚበላውን ራሱ አለመምረጡ ነው። የሐይቁ ዓሣ አልጌውን፣ ነፍሳቱንና ትንንሹን ዓሣ እየፈለገ ሲበላ የኩሬው ዓሣ አርቢው የሚበትንለትን መኖ ይጠብቃል፤ ያ መኖ ደግሞ ከማሳ ተሰብስቦ፣ በዘይት መጭመቂያ ተጨምቆ ወይም በወፍጮ ተፈጭቶ፣ በመጋዘን ሰንብቶ የመጣ በመሆኑ በዚያ ሁሉ መንገድ የደረሰበት ብልሽት ከነመዘዙ ወደ ዓሣው ሆድ ይገባል። ከእነዚህ ብልሽቶች መካከል እንደ ሻጋታ መርዝ ተደብቆ የሚጎዳ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ብዙ ጊዜም ዓሣውን በአንድ ጀንበር አይገድለውም።

የሻጋታ መርዝ የሚባለው የተወሰኑ የሻጋታ ዝርያዎች በእህል፣ በቅባት እህልና በተረፈ ምርታቸው ላይ ሲያድጉ የሚያመነጩት ኬሚካል ሲሆን በሳይንሱ አጠራር ማይኮቶክሲን ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ ይበልጥ የታወቀውና በዓሣ ላይ በስፋት የተጠናው አፍላቶክሲን ነው፤ እርሱንም የሚያመነጩት በዋናነት አስፐርጊለስ ፍላቨስና አስፐርጊለስ ፓራሲቲከስ የተባሉት ሻጋታዎች ናቸው። በመኖ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት የአፍላቶክሲን ዓይነቶች ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1 እና ጂ2 የተሰኙት አራቱ ሲሆኑ በመርዛማነቱ ሁሉንም የሚበልጠው ቢ1 ነው። ሻጋታውና መርዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከመነሻው መገንዘብ ያስፈልጋል። ሻጋታው ሕይወት ያለው አካል ስለሆነ በሙቀት ሊሞት፣ መኖው ሲፈጭም ከዓይን ሊሰወር ይችላል፤ መርዙ ግን ኬሚካል በመሆኑ ሻጋታው ከሞተ በኋላም በመኖው ውስጥ ይቆያል። በአንጻሩ የሻገተ መኖ ሁሉ የግድ አፍላቶክሲን አለበት ማለት ስላልሆነ በዓይን አይቶ መፍረድ በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

ይህ መርዝ የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ባለቁ ጊዜ ሲሆን፣ ምርመራውም ከብራዚል የገባ የተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ላይ አደረሰ። በዚያው ዓመት ገደማ በአሜሪካ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያዎች ሬይንቦ ትራውት በተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ላይ የጉበት ካንሰር እንደ ወረርሽኝ ታየ። ጣቢያዎቹ ቀደም ሲል ዓሦቻቸውን በጥሬ ሥጋና በሆድ ዕቃ ይቀልቡ የነበረ ሲሆን በ1950ዎቹ ግን ርካሽና ለማስቀመጥ የሚመች ደረቅ እንክብል መኖ እየተኩበት መጥተው ነበር። የታመሙት ዓሦች ሆዳቸው ሲከፈት ጤነኛው ጉበት ቀይ ቡናማና ለስላሳ መሆን ሲገባው፣ ነጣ ወይም ቢጫ ያሉ ጉብታዎች ከውስጡ ገፍተው ወጥተው ይታዩ ነበር። ጥርጣሬው ቀስ በቀስ በመኖው ላይ፣ ከመኖውም በጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ላይ ዐረፈ፤ ጆን ሃልቨር፣ ራስል ሲንሁበርና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ ያካሄዷቸው ሙከራዎችም ጥፋተኛው በፋጉሎው ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን መሆኑን አረጋገጡ። በጥጥ ፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙ ሳይክሎፕሮፒን የተባሉ የስብ አሲዶች የመርዙን ካንሰር አምጪነት እንደሚያባብሱም በዚሁ ሥራ ታወቀ፤ ስለዚህ ፋጉሎው መርዙን ብቻ ሳይሆን የመርዙን አጋዥም ይዞ ነበር ማለት ነው።

ትራውት ለአፍላቶክሲን ያለው ተጋላጭነት እጅግ ያስደንቃል። በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 0.4 ማይክሮግራም ብቻ አፍላቶክሲን ቢ1 ለ14 ወራት የተሰጣቸው ትራውቶች 14 በመቶ ያህሉ የጉበት ዕጢ አውጥተዋል፤ ይህ መጠን በ2,500 ቶን መኖ ውስጥ እኩል የተበተነ 1 ግራም መርዝ ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ምስጢር ያለው በጉበቱ ውስጥ ነው። አፍላቶክሲን ቢ1 እንደ ገባ ብዙ ጉዳት አያደርስም፤ ጉበት ባዕድ ኬሚካሎችን ለማስወገድ የሚጠቀምባቸው ሳይቶክሮም ፒ450 የተባሉ ኢንዛይሞች ግን መርዙን ሲነኩት ኢፖክሳይድ ወደሚባል ኃይለኛ ውሁድ ይለውጡታል፤ ይህ ውሁድም የሕዋሱን የዘር መመሪያ ከሚይዘው ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ መልእክቱን ያዛባል። አንዳንድ እንስሳት ኢፖክሳይዱን ግሉታታዮን ከተባለ ውሁድ ጋር አጣምረው ፈጥነው ሲያስወግዱት ትራውት በዚህ ረገድ ደካማ ነው፤ የተጎዳውን ዲኤንኤ የመጠገን አቅሙም ዝቅተኛ ነው። የትራውት የቅርብ ዘመድ የሆነው ኮሆ ሳልሞን ግን ኢፖክሳይዱን በብዛት ስለማያመርት ይህን መርዝ እጅግ የተሻለ ይቋቋማል፤ ቻነል ካትፊሽ የተባለው የአሜሪካ አምባዛ መሰል ዓሣም እንዲሁ። አንድ ዓሣ ቻለው ተብሎ ሌላውም ይችለዋል ብሎ መደምደም የማይገባው ለዚህ ነው።

በአፍሪካ ኩሬዎች በብዛት የሚረባው ቀረሶ፣ ማለትም የናይል ቲላፒያ፣ ከትራውት ይልቅ ጠንካራ ነው። ለ8 ሳምንታት በተካሄደ አንድ ሙከራ በኪሎ መኖ 2.5 ሚሊግራም አፍላቶክሲን ቢ1 የቀረሶ ጫጩቶችን ዕድገት የቀነሰ ሲሆን 100 ሚሊግራም ግን ክብደታቸውን አስጥሎ የጉበት ሕዋሳታቸውን ገድሏል። እነዚህ ቁጥሮች በእርሻ ላይ ከሚያጋጥመው የብክለት መጠን የሚበልጡ በመሆናቸው አርቢውን ሊያዘናጉት ይችላሉ፤ መዘናጋቱ ግን ስሕተት ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የተካሄዱ ሙከራዎች ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠንም ዕድገት እንደሚጓተት፣ ደም እንደሚያንስና የበሽታ መከላከል አቅም እንደሚዳከም አሳይተዋል። አርቢው ዓሣውን የሚያየው በውሃ ሥር በመሆኑ የሚያስተውለው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ መኖው ያልቃል፣ ዓሣው ግን የሚጠበቀውን ያህል አይከብድም፤ ሲያዝ ስንጥቡ ገርጥቶ ይገኛል፤ ሲታረድ ጉበቱ ቢጫ ሆኖ በስብ ተሞልቷል። መከላከያው የተዳከመ ዓሣ በውሃው ውስጥ ዘወትር በሚገኝ ባክቴሪያ ሲጠቃና ሲሞት ደግሞ ጥፋቱ የባክቴሪያው ብቻ ሆኖ ይመዘገባል፤ መኖው ሳይጠረጠር ይቀራል። የሻጋታ መርዝ የሚያደርሰው ኪሳራ ከሚገመተው በላይ ነው የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

አፍላቶክሲን ብቻውን አይመጣም። በበቆሎ ላይ ፉዛሪየም የተባሉት ሻጋታዎች የሚያመነጩት ፉሞኒሲን ለሕዋስ ሽፋን የሚያስፈልጉ ቅባቶች እንዳይሠሩ ያግዳል፤ ከእነዚሁ የሚገኘው ዲኦክሲኒቫሌኖል ትራውትን ከመኖ ያስጠላል፤ ዜራሌኖን የሴት ሆርሞንን አስመስሎ የመራባት ሥርዓትን ያውካል። ኦክራቶክሲን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። በአንድ ጆንያ ውስጥ ሁለትና ሦስቱ አብረው ሲገኙ ጉዳታቸው ተደራርቦ ሊብስ ይችላል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚመለከትበት መንገድ የኑግ ፋጉሎ ነው። በአገሪቱ ቀረሶ፣ አምባዛና ካርፕ ለሚያረቡ ሰዎች የዓሣ ዱቄት ውድና በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ የፕሮቲን ምንጩ የኑግ ወይም የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ፣ የኃይል ምንጩ ደግሞ የስንዴ ፉርሽካና የቢራ ጠመቃ ተረፈ ምርት ይሆናል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚገኙ የወተት ላሞች መኖ ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 156 የመኖ ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ቢ1 ያገኘ ሲሆን፣ መጠኑ በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ይደርስ ነበር፤ ዋነኛው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ተለይቷል። በአሜሪካ ለወተት ላሞችና ለግልገል እንስሳት መኖ የተቀመጠው ወሰን 20 ማይክሮግራም መሆኑ ሲታሰብ የላይኛው ቁጥር ምን ያህል ከፍ ያለ እንደሆነ ግልጽ ነው። ጥናቱ የተካሄደው ለወተት ሲባል ቢሆንም ያው ፋጉሎ ወደ ዓሣ ኩሬም ይሄዳል። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ የተለቀቀ ዓሣ ስለሆነ፣ ወደፊት በደጋ አካባቢ በፋጉሎ እየቀለበ ሊያረባው የሚያስብ ሰው ቢኖር የአሜሪካኖቹን ታሪክ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

መከላከያው ከኩሬው ሳይሆን ከመጋዘኑ ይጀምራል። አስፐርጊለስ ፍላቨስ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙለት የሚለመልም ሻጋታ በመሆኑ እህሉ በውስጡ ያለው እርጥበት ከ13 በመቶ በታች እስኪወርድ ድረስ ደርቆ ከተቀመጠ ማደግ ይሳነዋል። ፋጉሎ ከመጭመቂያው ትኩስ እንደ ወጣ ጆንያ ውስጥ ሲታጨቅ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ በጆንያው ግድግዳ ላይ ጠል ይሆናል፤ ጠሉ ፋጉሎውን መልሶ ያርሰዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ውጪው ደህና የሚመስል አንድ ጓል ሲሰበር ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ይገኛል። ስለዚህ ፋጉሎው ከመታሸጉ በፊት ተበትኖ መቀዝቀዝ፣ ጆንያውም ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ መውጣት አለበት። መኖውን ለቅልጥፍና ሲሉ በኩሬው ዳር ማከማቸት የተለመደ ቢሆንም ከውሃው የሚነሣው እርጥበት መጋዘኑን የሻጋታ ቤት ያደርገዋል።

አንዴ የገባውን መርዝ ማስወጣት እጅግ ከባድ ነው። አፍላቶክሲን ቢ1 የሚቀልጠው ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ እንክብል በሚሠራበት ሙቀት ተሟጦ አይጠፋም። ቤንቶናይት የተባለው የሸክላ ዓይነት በመኖው ውስጥ ሲቀላቀል መርዙን በአንጀት ውስጥ ይዞ ከአይነ ምድር ጋር የማስወጣት ጠባይ ስላለው በዶሮ፣ በአሳማና በከብት መኖ አገልግሎት ላይ ውሏል፤ በዓሣም ላይ ተስፋ ሰጪ ሙከራዎች ተካሂደዋል። ይሁን እንጂ አፍላቶክሲንን ጥሩ አድርጎ የሚይዘው ሸክላ ሌሎቹን የሻጋታ መርዞች በዚያው ልክ ስለማይዝ የተበላሸ መኖ መሸጫ ሰበብ ሊደረግ አይገባውም። የሻገተውን ከደህናው ጋር ደባልቆ ማቅጠን ደግሞ መርዙን ለብዙ ዓሣ ማዳረስ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ዓሣ በሚበላው ሰው ላይ የሚደርሰው ስጋት ወተት በሚጠጣው ላይ ከሚደርሰው ያነሰ ነው፤ መርዙ በብዛት የሚጠራቀመው በጉበት ሲሆን በሥጋው ውስጥ የሚቀረው አነስተኛ ነው፤ ዓሣው ንጹሕ መኖ ሲሰጠውም ይቀንሳል። ዋናው ተጎጂ ዓሣውና ጥሪቱን በኩሬው ላይ ያፈሰሰው አርቢ ነው። ለወተት ሲባል የተጀመረው የፋጉሎ ምርመራ የዓሣ መኖንም እንዲያካትት የምርምር ተቋማትና የመኖ ተቆጣጣሪዎች ሊያስቡበት ይገባል፤ አርቢዎችም በማኅበር ሆነው ሲገዙ ነጋዴውን ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ፋጉሎው መቼ እንደ ተጨመቀና እንዴት እንደ ደረቀ ይጠይቁት፤ የሻገተውንም ለዓሣ አይስጡ።