ላሊበላን አየናት

ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ አንባቢዎቻችን ከኛ ይበልጥ ያውቁታል። ስለዚህ ከወልድያ እንጀምር። አውቶቡሱ ከከተማው ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሲዞር ዳገቱ ይመጣል። ይህን መንገድ የሠሩት ቻይናዎች ስለሆኑ «የቻይና መንገድ» ይባላል። ደጋው ላይ ስንደርስ ጋቢ የያዘ ሁሉ ጋቢውን ለበሰ። የሀብሩ ሰው ብርዱን አይናቀው! ጋሸና ላይ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ላሊበላ ገባን።

ከተማዋ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን ላይ ናት። ከፍታዋ 2500 ሜትር ግድም ይሆናል። ቤቶቹ አንዱ ካንዱ በላይ በዳገቱ ተደርድረዋል። ከድሮዎቹ ቤቶች አንዳንዶቹ ክብ ናቸው። ግድግዳቸው ድንጋይ ነው፤ ደርብም አላቸው። የከተማዋ የጥንት ስም ሮሃ ነበር። የዛሬ 800 ዓመት ግድም ከነገሠው ከዛጕየው ንጉሥ በኋላ ግን በሱ ስም ተጠራች።

ታዲያ አብያተ ክርስቲያናቱ የታሉ? ከሩቅ አይታዩም። ሌላ አገር ቤተ ክርስቲያን የሚታየው ቀና ተብሎ ነው። እዚህ ግን ጎንበስ ተብሎ ነው። ሁሉም ከመሬት በታች ቆመዋል። ቁጥራቸው 11 ነው።

ቤት ሲሠራ መሠረቱ ይቀድማል፤ ጣሪያው ይከተላል። እዚህ ሥራው የተጀመረው ከጣሪያው ነው። የምንወቅጥበትን ሙቀጫ እናስብ። ሙቀጫ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል እንጂ ከብዙ እንጨት አይጋጠምም። ቤተ መድኃኔ ዓለምም እንዲሁ ነው። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር ያህላል። ዓምዱም፣ መስኮቱም፣ ጣሪያውም አንድ ድንጋይ ነው። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ያስቀምጣል። የሚፈለፍል ሰው ግን አንዴ የቆረጠውን መልሶ አይቀጥለውም።

ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ሠሩት ይባላል። እኛ የሌሊቱን ነገር ለአማኙ ትተን የቀኑን ሠራተኛ ፈለግን። ስሙን የሚነግረን አላገኘንም። የመሮው ምልክት ግን ግድግዳው ላይ አለ። በእጃችን ዳሰስነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520ዎቹ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ይህን አይቶ ጽፏል። ያየውን ሁሉ ብጽፍ አያምኑኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። እውነቱን ነው። እኛም ለናንተ ስንጽፍ ይኸው ስጋት አለብን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የላሊበላ ጠላት ውኃ ነው። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ለመፈልፈል ይመቻል፤ ውኃ ግን ይጠጣል። ሲጠጣ ይላላል፤ ይሰነጠቃልም። የሀብሩ ገበሬ እርከን ሲሠራ ጎርፉ በየት ይወርዳል ብሎ አስቀድሞ ያስባል። እነዚያም ሰዎች አስበዋል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያለው ጉድጓድ ወለሉ ዘቅዘቅ ያለ ነው። ቦይም ተቀዶለታል። ውኃው ዮርዳኖስ ወደተባለው ወንዝ እንዲወርድ ነው። ግን 800 ክረምት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. ግድም በአምስቱ ላይ የብረት ምሰሶ ቆሞ ትልልቅ ጣሪያ ተሠራ። ገንዘቡ ከአውሮፓ ኅብረት ነው። ለጊዜው ተብሎ ነበር። ጊዜው ረዘመ። የከተማው ሰው ንፋስ በመጣ ቁጥር ይህ ብረት ቅርሳችን ላይ ይወድቃል እያለ ይሰጋ ጀመር። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰልፍ ወጥቶ መፍትሔ ጠየቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አገራቸው እንደምትረዳ ተናገሩ። ነገሩ ግን አስቸጋሪ ነው። ጣሪያው ይነሣ ቢባል ዝናቡ አለ፤ ይቆይ ቢባል ብረቱ አለ።

ከተማዋ የምትኖረው በእንግዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ እዚያው ገባ። ይህን ለወልድያና ለመርሳ ሰው መንገር አያስፈልግም። ያኔ አስጎብኚውም፣ የሆቴል ሠራተኛውም ያለ ሥራ ቀረ።

አንባቢዎቻችን ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ናችሁ። ሥፍራው የጸሎት ቤት ነው፤ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ሥራው ግን የሁላችን ነው። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ከወልድያ በአንድ ቀን የሚደረስበትን ቦታ ፈረንጅ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲያየው እኛ ሳናየው መቅረታችን አያስቆጭም?

መጨረሻ ያየነው ቤተ ጊዮርጊስን ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሏል። የብረት ጣሪያ የለበትም። ከድንጋዩ ከራሱ የተጠረበ አሸንዳ አለው። በክረምት የሚሄድ ሰው ካፋፉ ላይ ቆሞ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ ይመልከት።