ጥቁር ጠላ፣ መሪሳና ቄሪቦ፦ የቱ ይበልጣል?

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የገዳሪፍ ፀሐይ በረድ ስትልና ሰው ከሸራው ወጣ ሲል፣ ከራሽን ወሬ ቀጥሎ የሚነሣው ጨዋታ የመጠጥ ነው። ጎንደሬው የዳጉሳ ጠላውን ያወድሳል፤ የሸዋው የገብሱን። ሐረር የኖረ ሰው ካለ ደግሞ «ሐኪም ስታውትን ያልቀመሰ ስለ ጥቁር ቢራ አያውራ» ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንደኛ የምለው ወፍራሙን የዳጉሳ ጠላ ነው፤ የስታውት ወገኖች ይቅር በሉኝ።

ክርክሩ ግን አንድ ነገር ይስታል። ጠላን የሚያጠቁረው ጌሾው አይደለም፣ የአልኮሉ ብዛትም አይደለም፤ እሳቱ ነው። እናቶቻችን በጌሾና በብቅል ከጠነሰሱ በኋላ ገብሱን ቆልተው አሻሮ ያደርጉታል፤ ወይም ዱቄቱን በውኃ ለውሰው ምጣድ ላይ እያማሰሉ እንኩሮ ያወጡለታል። ቀለሙም፣ ያ ቡና ቡና የሚለው ምሬትም ከዚያ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1759 ደብሊን ውስጥ የተመሠረተው የጊነስ ፋብሪካም ጥቁሩን ቢራ የሚያጠቁረው በተቆላ ገብስ ነው። ተራ ጠላ አልኮሉ ከ2 እስከ 4 በመቶ ቢሆን ነው፤ ፊልተሩ እስከ 6 ይደርሳል።

የዚህ አገር ሰውም ዘዴውን ያውቀዋል። መሪሳ ሲጠመቅ ከቦካው የማሽላ ሊጥ ከፊሉ ቡናማ እስኪሆን እሳት ላይ ይበስላል፤ ስሙ ሱሪጅ ነው። ሱዳናዊው ምሁር ሐሚድ ዲራር በ1993 ስለ አገሩ የቦኩ ምግቦች ባሳተመው መጽሐፍ ዘርዝሮ ጽፎታል። ከእኛ እንኩሮ ጋር ወንድማማች በሉት።

ታዲያ ማሽላ በሞላበት በገዳሪፍ ለምን አንጠምቅም? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመስከረም 1983 ጀምሮ በሱዳን መጠጥ በሕግ ተከለከለ፤ በ1991ዱ የወንጀል ሕግ ለሚጠጣ ሙስሊም 40 ጅራፍ፣ ለሚሸጥ ደግሞ እስራት ተደነገገ። በሐምሌ 2020 ሙስሊም ላልሆነ ሰው በግል መጠጣት ተፈቀደ ቢባልም፣ ከሙስሊም ጋር ሲጠጣ የተገኘ እንደሚቀጣ ያኔውኑ ተነግሯል። ወረቀቱ ሌላ፣ በር የሚያንኳኳው ፖሊስ ሌላ። ልጆቿን ለማሳደር ብላ አረቄ ያወጣች እናት ስትያዝ ልጆቹ ማን ዘንድ ያድራሉ? በዚያ ላይ ለአንድ ጋን የሚገባው እህል የቤተሰብ ራሽን ነው።

እኔና ጎረቤቴ እትዬ ግን ቄሪቦ ሞከርን። ጣዕሙን ከእሳት፣ ሕይወቱን ከእርሾ ያገኛል፤ በማግሥቱ ከጠጡት አያሰክርም። በአገራችን ሙስሊሙም ጴንጤውም በበዓል የሚያቀርበው ነው። ገብስ ስላላገኘን ሁለት ጣሳ ፈተሪታ ማሽላ ቆላን። የመጀመሪያው ከሰል ሆነ፤ እኔ ነኝ ያቻኮልኩት። እትዬ «አንተ ልጅ፣ ቡና ጠቆር እንደሚል ነው እንጂ እንዲከስል ማን አለህ!» ብለው ምጣዱን ነጠቁኝ። ሁለተኛውን ራሳቸው ቆሉት፣ ሸርከት አድርገን አስፈጨነው፣ በፈላ ውኃ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀቀልነው። ለብ ሲል በነጠላ አጥልለን ስኳርና ግማሽ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ጨምረን አሳደርነው። እዚህ ላይ ሌላ ጥፋት ሠራሁ፤ ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት። ሌሊት ላይ ጀሪካኑ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ክዳኑ ጧ ብሎ ሲፈናጠር የጎረቤት ውሻ ሁሉ ተነሣ። ክዳኑን ላላ አድርጉት። የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ደግሞ፣ አሥር ጊዜ ቢታጠብም፣ አትንኩት፤ ገበያ ላይ ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም።

የተረፈው ጠዋት ተቀዳ። ቀለሙ ጥቁር፣ አረፋው ቡናማ፣ መጨረሻው ላይ መረር የሚል። ለስኳር የሸጡልን ሱዳናዊ ሽማግሌ ቀምሰው «ይኼማ ሁሉሙር ነው!» አሉ፤ ከበቀለ ማሽላ ተጋግሮ በረመዳን በውኃ እየተዘፈዘፈ የሚጠጣውን ማለታቸው ነው። እትዬ አልተስማሙም፤ «የዳጉሳ ጠላ ታናሽ እህት ነው» አሉ። በሚቀጥለው ዳጉሳ ካገኘን ለሁለቱም አንድ አንድ ኩባያ ቀድተን እናከራክራቸዋለን።