ስለ መንገድ ማሻሻያ ዕዳ ርስትን በሐራጅ መሸጥ

በአሜሪካ ከተሞች መንገድ አስፋልት ሲነጠፍ ወይም የእድፍ ውሃ መውረጃ ቦይ ሲቆፈር፣ ወጪው ብዙ ጊዜ በዚያው መንገድ ዳር ርስት ባላቸው ሰዎች ላይ ተከፋፍሎ ይጣላል። ይህ ክፍያ ከዓመታዊው ግብር የተለየ ነው። ግብር ለሁሉም ጥቅም ከሁሉም ይሰበሰባል፤ ይህኛው ግን ርስቱ በሥራው ምክንያት ዋጋው ከፍ ብሏል ተብሎ የሚጠየቅ መዋጮ ነው። ስለዚህም ባለቤቱ ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው የሚያርፈው በርስቱ በራሱ ላይ ነው፤ በመጨረሻም ርስቱ በሐራጅ ይሸጣል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህ ከባድ ሥልጣን ወሰኑ እስከ ምን እንደ ሆነ ነው።

በካንሳስ ሲቲ ከተማ አስፋልት ያነጠፈው ኩባንያ የሥራውን ዋጋ የተቀበለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በየርስቱ ላይ በተቆረጠ የዕዳ ሰነድ ነበር፤ ሰነዱንም ይዞ ባለርስቶቹን ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1901 ወጪው ርስቱ መንገዱን በሚዋሰንበት ርዝመት ልክ መከፋፈሉን አጸደቀ። ይህ አከፋፈል ለሒሳብ ይቀላል፤ እያንዳንዱ ርስት በእውነት ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ግን አይነግረንም።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በ1898፣ ያው ፍርድ ቤት በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው ኖርዉድ ጉዳይ ሌላ ነገር ተናግሮ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በአንዲት ሴት መሬት መካከል መንገድ ለማውጣት ወሰደና 2,000 ዶላር ካሣ ከፈላት። ወዲያው ደግሞ ያንኑ 2,000 ዶላር ከክርክሩ ወጪ ጋር፣ በጠቅላላው 2,218.58 ዶላር፣ በቀረው መሬቷ ላይ ጣለባት። በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ከነትርፉ መለሰ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ መዋጮው ርስቱ ካገኘው ጥቅም እጅግ ከበለጠ፣ ትርፉ ያለ ካሣ ንብረት እንደ መውሰድ ይቆጠራል ሲል ፈረደ።

የሽያጩ ሥርዓትም ገደብ አለው። በ2006 በታየው የአርካንሳስ ጉዳይ፣ 80,000 ዶላር የሚገመት ቤት ባልተከፈለ ግብር ምክንያት በ21,042.15 ዶላር ተሸጦ ነበር። የአደራ ደብዳቤው ተቀባይ አጥቶ ቢመለስም ግዛቱ በሩ ላይ ወረቀት እንኳ አልለጠፈም። ፍርድ ቤቱ ባለቤቱን ለማሳወቅ የተደረገው ጥረት አይበቃም አለ። ጉዳዩ የግብር ቢሆንም፣ በእኛ አስተያየት ለመንገድ መዋጮም እኩል ይሠራል፤ ቤቱን ለሚያጣው ሰው የዕዳው ስም ምን ልዩነት አለው?

ከሽያጩ የሚተርፈው ገንዘብስ የማን ነው? በሚኔሶታ፣ በሄነፒን አውራጃ፣ የአንዲት አሮጊት መኖሪያ በ40,000 ዶላር ተሸጠ። ዕዳዋ 15,000 ያህል ሲሆን አውራጃው የቀረውን 25,000 ለራሱ አስቀረ። በ2023 ዘጠኙም ዳኞች ይህ አይገባም ብለው በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ዳሩ ግን ከ15,000ው ውስጥ ዋናው ግብር 2,300 ያህል ብቻ ነበር፤ ሌላው ወለድ፣ ቅጣትና ኪሣራ ነው። ትርፉ የሚታሰበው ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ነውና፣ የቅጣቱ መጠን ለባለርስቱ ከሁሉ የሚከብድ ጥያቄ ይመስለናል። ፍርድ ቤቱ ግን ገንዘቡ ከመጠን ያለፈ ቅጣት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሳይወስን ትቶታል።