ጣት ከቃታ ይራቅ፦ ሽጉጥ ለመግዛት ላሰቡ የኦክላንድና የሳንሆዜ ወገኖች

ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ የአገር ቤት ፖለቲካ ክርክር በጦፈበት ሰዓት፣ አንድ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኢላማ መተኮስ ልማር ነው፤ የቱን ሽጉጥ ልግዛ?» አለኝ። እኔ ሳልመልስ አራት ሰው መለሰለት። «አርባ አምስት ግዛ! ወንድ የሚይዘው እሱን ነው» ያለው በዕድሜው አንድ ጥይት ተኩሶ አያውቅም።

እኛ ምንሽርና ዲሞትፈር ሲወደስ እየሰማን አድገናል። ለእኔ ትውልድ ደግሞ ሽጉጥ ማለት የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ወገብና የቀይ ሽብር ሌሊት ነው። ስለዚህ ወይ እናመልከዋለን፣ ወይ እንሸሸዋለን እንጂ ቁጭ ብለን አንመረምረውም። እስቲ ዛሬ እንመርምረው።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል የሚባለው ትንሹ ጥይት ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አይራገጥም። በትልቅ ጥይት የጀመረ ሰው ገና ቃታ ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁ ይደነብራል፤ ጥይቱም ከኢላማው በታች ይወርዳል። ይህን አመል ማስለቀቅ አዲስ ከመማር ይከብዳል። ትንሿን ለሚንቅ፦ በኦሎምፒክ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር የሚተኮሰው በእርሷ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው 9 ሚሊሜትር ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጡት ይህ ጥይት ዛሬም በየሱቁ ይገኛል፤ ከአርባ አምስቱም ይረክሳል። ግን ጥንቃቄ! በደርግ ዘመን የምናውቀው ማካሮቭም «9 ሚሊሜትር» ይባላል። የእርሱ ቀለህ ርዝመት 18፣ የዚህኛው 19 ሚሊሜትር ነው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። አርባ አምስቱ፣ የአሜሪካ ጦር ከ1911 እስከ 1985 የታጠቀው፣ እጅ ከለመደ በኋላ ይደርሳል።

ሽጉጡ ራሱ ከበድ ያለ፣ በርሜሉ ረዘም ያለ፣ ማነጣጠሪያው የሚስተካከል ይሁን። የኪስ ሽጉጥ ለመያዝ ይቀላል፤ ለማነጣጠር ግን ከሁሉ ይከፋል። ሳይገዙ በፊት ተኩስ ቦታ ተከራይተው ይሞክሩ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ወረቀት የሌለው፣ በጥቅሉም በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ለአንድ ሰዓት ተከራይቶ መተኮስም እንደ መያዝ ይቆጠራል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ የምትጠባበቁ፣ ጠበቃ ሳታማክሩ እንዳትነኩ! ለአንድ ፎቶግራፍ ተብሎ የዓመታት ልፋት አይቃጠልም።

ለተፈቀደለትም ካሊፎርኒያ በሩን ወለል አድርጋ አትከፍትም። ሽጉጥ ገዢ 21 ዓመት የሞላው መሆን፣ የጥንቃቄ ፈተና ማለፍና 10 ቀን መጠበቅ አለበት። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 11 በመቶ ተጨማሪ ግብር አለ። ሳንሆዜ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ባለ መሣሪያው የተጠያቂነት ኢንሹራንስ እንዲገባ ደንግጋለች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ናት።

ኦክላንድ ኮረብታ ላይ የነበረው የሻቦ ተኩስ ሜዳ በ2016 የተዘጋው በእርሳስ ብክለት ምክንያት ነው። እርሳስ እጅም ላይ ይቀራል። በእጃችን የምንበላ፣ የምንጎራረስ ሕዝብ ነንና፣ ከተኩስ በኋላ ሳይታጠቡ ወደ ማዕድ መቅረብ ነውር ብቻ ሳይሆን መርዝ ነው።

ከሁሉ በላይ ቤታችንን እንይ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 26 ሚሊዮን ያህል ካሊፎርኒያውያንን ተከታትለው በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከሌላቸው ስምንት እጥፍ፣ የሴቶቹ ደግሞ 35 እጥፍ ነበር። ስደት፣ ብቸኝነትና የአገር ቤት መርዶ በተደራረበበት ማኅበረሰባችን ይህ ቁጥር እንቅልፍ ሊነሳን ይገባል። ሽጉጡ ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቀመጥ። ልቡ የከፋ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ጨርሶ አይግባ።

ወዳጄ እስካሁን አልገዛም። ነጥብ 22 ተከራይቶ አስተማሪ ይዟል። የመጀመሪያው ትምህርት «እስክትተኩስ ድረስ ጣትህን ከቃታው አርቅ» የሚል እንደነበር ነገረኝ። አገራችንንም ለሃምሳ ዓመት ያቆሰላት የጥይት እጥረት አይደለም፤ ይህችን ትምህርት የተማረ ሰው ማጣት ነው።

ቸር ያሰማን።