ጠመንጃ በአንድ እጅ አይመዘንም

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ባንኮኒያችን ሰው አይለየውም። ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ ዕጣ ወጥቶለት ፈቃድ ያገኘውም፣ በጋው ሳያስበው ያለቀበትም ያኔ ይመጣል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ቀለል ያለ የለህም?» አውርጄ ሳቀብለው ደንበኛው መሃሉን በአንድ እጁ ይዞ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ፊቱ ይፈካል። ብዙ ሻጭ ገበያው ያለቀው እዚያች ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይጠራል። እኔ ግን አፌን ይዤ እቆያለሁ፤ በእጅ የቀለለው ትከሻ ላይ ምን እንደሚሆን ሰውየው ገና አላየም።

አውሮራ ከተማ ውስጥ ጠመንጃ እሸጣለሁ፤ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ዴንቨርና አውሮራ ሐበሻ የበዛባቸው ከተሞች ስለሆኑ ግን አማርኛ የሚያወራ ባለሙያ አለ መባሉን ሰምቶ የከባድ መኪና ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ ጡረታ የወጣው አባትም ብቅ ይላል።

ሰው ጠመንጃ እንዴት እንደሚቀበል ማየት ደስ ይለኛል። የድሮ ወታደር ከሆነ አፈሙዙን ወደ ጣሪያ ያዞራል፤ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስቦ ጥይት አለመጉረሱን ያያል፤ ትከሻው ላይ የሚያሳርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቱ መጀመሪያ አነጣጥሮ ምላጩን ይስባል። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ምንሽር ወይም ዲሞትፎር ተሰቅሎ እያዩ ያደጉ ሽማግሌዎች ለባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ እንግዳ አይደሉም፤ ዛሬ ለአደን ከሚሸጡት ብዙዎቹ የጀርመኑ ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጣው አሠራር ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ነው። ያ የጦር ሜዳ ማውዘር ባዶውን አራት ኪሎ ይመዝን ነበር። ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1952 ሞዴል 70 ጠመንጃውን ቀንሶ «ፌዘርዌይት» የተባለውን ሦስት ኪሎ ገደማ አድርጎ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሜልቪን ፎርብስ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ሰደፉን ከእንጨት ይልቅ ከኬቭላርና ከግራፋይት ሠርቶ፣ የመቀርቀሪያውን ቤት ለጥይቱ ቁመት ብቻ አሳጥሮ፣ ሁለት ኪሎ ከሩብ ገደማ አደረሰው። ዛሬ የኪምበር «ማውንቴን አሴንት» በአጭር ጥይት ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አይሞላም። ጫማ እንኳ ከዚህ የሚከብድ አለ።

ታዲያ ምን ቸገረን? ጥይት ሲተኮስ አረሩና የባሩዱ ጋዝ ወደ ፊት የወጡበትን ያህል ግፊት ጠመንጃው ወደ ኋላ ይቀበላል። ይህን ግፊት ክብደት አይለውጠውም። ክብደት የሚለውጠው ጠመንጃው ወደ ትከሻ የሚመጣበትን ፍጥነትና ጉልበት ነው። ያው ጥይት ከአራት ኪሎ ጠመንጃ ሲተኮስና ከሦስት ኪሎ ሲተኮስ የኋለኛው የርግጫ ጉልበት በሲሶ ይበልጣል፤ ጠመንጃው ሁለት ኪሎ ቢሆን ደግሞ እጥፍ ነው። ይህን ለደንበኛ ስነግር ይስቃል። «እኔ እኮ ወንድ ነኝ» የሚለኝም አለ። ርግጫ ግን ወንድና ሴት አይለይም፤ ዓይንን ነው የሚያስጨፍነው። ሰውነት አንዴ ከተመታ ሁለተኛውን ቀድሞ ይጠብቃል፤ ምላጩ ሳይሳብ ትከሻ ይኮማተራል፣ የአፈሙዙ ጫፍ ይወርዳል፣ አረሩ መሬት ይገባል።

ሱቅ የሚመለሱት ታዲያ «ስኮፑ ተበላሽቷል» ብለው ነው። ማነጣጠሪያውን ፈታትቼ ከመመርመሬ በፊት የተኩስ ሜዳ እንሄዳለን። አንገታቸውን አዙረው እያሉ የልምምድ ባዶ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅዬ ካዝናው ውስጥ አጎርሳለሁ፤ የቱ በየትኛው ተራ እንደሚወጣ ተኳሹ አያውቅም። ባዶው ሲደርስ ጠመንጃው ቀጭ ይላል እንጂ አይተኩስም፤ አፈሙዙ ግን ሲጎነበስ ሁላችንም እናያለን። ሰውየው ራሱ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ስኮፑ ሲያማርር የሰማሁት የለም።

ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው ከክብደቱ በፊት ጥይቱን ይምረጥ እላለሁ። በእኔ ግምት ትልቁ ስሕተት ሁለት ኪሎ ተኩል የሆነ ባለ .300 ዊንቸስተር ማግነም ጠመንጃ መግዛት ነው። ማግነሙ በእኩል ክብደት ጠመንጃ እንኳ ከተለመደው የ.308 ጥይት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይራገጣል፤ ጠመንጃው ሲቀልማ ምን እንደሚመጣ ከላይ ተናግሬአለሁ። ደንበኛው ማግነም የሚፈልገው ኤልክ ትልቅ ስለሆነ ነው፤ እውነትም ወንዱ ሦስት መቶ ኪሎ ያልፋል። የኮሎራዶ ሕግ ግን ለኤልክ የሚጠይቀው ከስድስት ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ሲመታ የሚከፈት፣ ቢያንስ 85 ግሬን የሆነ አረር፣ በመቶ ያርድ ላይም 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ያለው ጥይት ነው። 6.5 ክሪድሞርም፣ 7 ሚሊ ሜትር-08ም፣ .308ም ይህን በሰፊው ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣውን .270 ዊንቸስተር ጃክ ኦኮነር የተባለው የአደን ጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉ የተራራ በጎችን ተከትሎ ተሸክሞት ሲሄድ ኖሯል፤ ጥሩ ቦታ የገባ አረር ማንንም ይጥላል። መጥፎ ቦታ የገባ ማግነም እንስሳውን አቁስሎ ጫካ ይሰደዋል፤ የዚያ ኃጢአት የማን እንደሆነ አላውቅም፣ የጠመንጃው ግን አይደለም።

ርግጫ ለመቀነስ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ጋዙን ወደ ጎን የሚያስወጣ ብሬክ ማስገጠም ይቻላል፤ እኔም እገጥማለሁ፣ ገንዘብም አገኝበታለሁ። በእውነት ይሠራል። ድምፁ ግን ወደ ተኳሹና አጠገቡ ወዳለው ሰው ጆሮ ይዞራል፤ አደን ላይ ደግሞ ኤልኩ ብቅ ሲል ጆሮ መድፈኛ የሚፈልግ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው ሙሉውን ክብደት ነው። ሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ መንጠቆ ያለው ሚዛን ተሰቅሏል። ጠመንጃው ከነስኮፑ፣ ከነቀለበቶቹ፣ ከነማንገቻው፣ ካዝናው ውስጥ ከሚገቡት ጥይቶች ጋር ይሰቀላል። ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ብሎ ሁለት ሺህ ዶላር ያለፈ ዋጋ የከፈለው ሰው አንድ ኪሎ የሚጠጋ ትልቅ ስኮፕ ጭኖበት ይመጣል። ያኔ ጠመንጃው ከላይ ይከብድና በማንገቻ ሲይዙት ይገለበጣል። ትከሻ ላይ ደግሞ የስኮፑ ጠርዝ ቅንድብ ይቀዳል፤ ከዓይን እስከ ስኮፕ ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቀላል ጠመንጃ ይህን ርቀት በአንድ ርግጫ ይዘልቀዋል። ቅንድቡ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ጠባሳ ያለበት አዳኝ ስታዩ ታሪኩን መጠየቅ አያስፈልግም።

ለእኔ ልኩ ሁሉ ነገር ተጭኖበት ከሦስት ኪሎ ከሩብ እስከ ሦስት ኪሎ ተኩል ያለው ነው። ፊንላንድ የሚሠራው ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት ባዶውን 2.9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ትንሽ ስኮፕ ሲጨመርበት እዚያው ይደርሳል። ዋጋውም ከሺህ ዶላር ብዙ አይርቅም። ከቲታንየም የተሠሩትን ሦስት ሺህ የሚያልፉትን መሸጥ ለሱቃችን ይሻላል፤ እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሰው ልዩነቱን ለጥይትና ለጫማ አውለው እለዋለሁ። ጥይት ውድ ነው፣ ልምምድ ያለ ጥይት የለም።

ቀላል ጠመንጃ ሌላም ባሕርይ አለው፦ አይረጋም። ተኳሹ ቁና ቁና ሲተነፍስ ከባዱ አፈሙዝ ወደ ፊት ስለሚከብድ ቶሎ አይወዛወዝም፤ ቀላሉ ግን የልብ ምትን ሳይቀር ይከተላል። ኤልክ የሚታደነው ብዙ ጊዜ ከ2,700 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በከፍታው ብቻ አይደነግጥም ነበር፤ ግን ሃያ ዓመት መሪ ይዞ የተቀመጠ የደብረ ብርሃን ልጅ ሁለተኛው ሸንተረር ላይ እንደ ማንም ነው። ስለዚህ ከቦርሳ ላይ አስደግፎ፣ ተቀምጦ፣ ትንፋሽን ሰብስቦ መተኮስ መልመድ አለበት። ቀጭን አፈሙዝ ደግሞ ቶሎ ይግላል፤ ከሦስተኛው ጥይት በኋላ አረሩ መሄጃውን ሊለውጥ ይችላል። የተኩስ ሜዳ ላይ ሦስት ተኩሶ ሻይ መጠጣት ነው። አደን ላይ ዋናው የቀዝቃዛው አፈሙዝ የመጀመሪያ ጥይት ስለሆነ ይህ ብዙም አያስጨንቅም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የምንጎዳው ግን በሰደፍ ቁመት ነው። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ልክ በፋብሪካ ጠመንጃ ላይ ብዙ ጊዜ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተለካው ለመካከለኛ ቁመት ወንድ ነው። አንዲት ነርስ እህታችን የባለቤቷን ጠመንጃ ይዛ መጣች። ቁመቷ አጠር ያለ ነው። በቀጭን ሸሚዝ እንኳ አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ ነበር ስኮፑን የምታይበት፤ ኖቬምበር ላይ ወፍራም ካፖርት ሲደረብበት ሰደፉ ብብቷ ውስጥ ይሰነቀራል። «ከባድ ስለሆነ ነው መሰለኝ ጋሼ፣ ቀለል ያለ ፈልግልኝ» አለችኝ። ክብደት አልነበረም ችግሩ። የሰደፉን ጫፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆርጬ ለስላሳ ላስቲክ ገጠምኩበት፤ ያው ጠመንጃ «ቀለለኝ» አለች። አዲስ የሚገዙ አጫጭር ሰዎች ቁመቱ በሚቀያየር ወይም ከመጀመሪያው አጠር ብሎ በተሠራ ሰደፍ ይጀምሩ። በጓደኛ ምክር ሳይሆን ካፖርታቸውን ለብሰው መጥተው ይሞክሩት።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልበል፣ ምክንያቱም ሐበሻ የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው። ጠመንጃ ለመግዛት የፌዴራሉ ቅጽ 4473 ሲሞላ የገዢው አድራሻ አሁን የሚኖርበት መሆን አለበት፤ ቤት ቀይሮ መታወቂያ ያልቀየረ፣ አዲሱን አድራሻ የሚያሳይ ሌላ የመንግሥት ሰነድ ካላመጣ ይመለሳል። አረንጓዴ ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ኮሎራዶ ማሪዋናን ከፈቀደች ቆይታለች፤ ቅጹ ግን የፌዴራል ነው፣ ስለ ማሪዋናም ይጠይቃል፤ የሚጠቀም ሰው «አዎ» ካለ አልሸጥለትም፣ «አይ» ካለ ዋሽቶ ፈርሟል። በሌላ ሰው ገንዘብ ለዚያ ሰው መግዛት ወንጀል ነው፤ «ወንድሜ ሥራ ላይ ስለሆነ እኔ ልውሰድለት» የሚለው የእኛ የመተሳሰብ ልማድ እዚህ ወኅኒ ያስገባል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ገንዘቡ ተከፍሎም ዕቃው ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል፤ የአደኑ ዋዜማ ላይ መጥቶ የሚለምነኝ ሰው ቢያለቅስም አልችልም።

አንድ አባት «ልጄ፣ ይኼን ጎንደር ይዤ ብገባ ዘመዱ ሁሉ ጉድ ይላል» አሉኝ። አባባ፣ አይሆንም አልኳቸው። ከአሜሪካ ለማስወጣት የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አገር ቤትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። ቅር አላቸው። ለማደን እንጂ ለማሳየት እንዳልፈለጉት አስረዱኝ፤ እኔም አመንኳቸው፣ አዋጁ ግን ሐሳብ አይመረምርም።

ክብደት ቆጣቢዎቹን የምጠይቃቸው ሌላም ጥያቄ አለ፦ ኤልኩ ከወደቀ በኋላስ? ጠመንጃው ላይ የተቆጠበው ግማሽ ኪሎ ነው። ከአጥንት የተለየው የወንድ ኤልክ ሥጋ ሰማንያ፣ ዘጠና ኪሎ ይሆናል፤ እሱን መኪና ድረስ የሚያመላልሰው ያው ጀርባ ነው። በረዶ ሊጥል ይችላል። ጉልበት ያለው ዘመድ ይዞ መሄድ ከቲታንየም ይበልጣል። ጾም ለሚጠብቁት አደኑ ጥሩ ጊዜ ላይ ይውላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ያልቃል፣ የቀረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። በጥይት የወደቀ ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናት ትቼዋለሁ፤ ባንኮኒዬ ላይ ስንቴ ተሟግተውበታል።

ርካሽ የሚፈልግ ሰው ጃንዋሪ ላይ ይምጣ። የወቅቱ አዳኞች ያገለገለ ጠመንጃቸውን መልሰው የሚሸጡልን ያን ጊዜ ነው፤ የአሮጌው መደርደሪያ ቀላልና ማግነም በሆኑ ጠመንጃዎች ይሞላል። አፈሙዛቸው ውስጡ እንደ አዲስ ያበራል፣ ሰደፋቸው አልተጫረም። ብዙዎቹ አብሯቸው የጥይት ካርቶን ይመጣል፤ ሃያ ከሚይዘው ውስጥ ሦስት አራቱ ብቻ ተተኩሰዋል። ዋጋው ደኅና ይወርዳል። ገዢው የሚሻለውን ሲጠይቀኝ በዚያው መደርደሪያ ጥግ ላይ ያለውን አንድ .308 አሳየዋለሁ፤ ሰደፉ የተጫረ፣ ማንገቻው ያለቀ፣ ባለቤቱ የሸጠው ዕድሜው ገፍቶ ተራራ መውጣት ስለተወ ነው።